የእንግዳ ክፍሉ ጥገና፦ ከጥቅምት እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 5

አያቴ ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ቤት ያሠሩት በ1954 ዓ.ም. ነው። ቤቱ የድንጋይ መሠረት፣ የጥድ ቋሚ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የጣውላ ወለልና የቆርቆሮ ጣራ አለው። በምዕራብ ጥግ ያለው ክፍል ከጥንት ጀምሮ የእንግዳ ክፍል ይባላል፤ ነገር ግን ባለፉት ስድስት ሰባት ዓመታት እንግዳ አላደረበትም። ርጥበቱና ሽታው እየባሰ ሲሄድ አልጋውን አወጣነው፤ ቀስ በቀስም ባዶ ከረጢት፣ የተሰበረ ወንበርና ለጊዜው የማያስፈልገን ዕቃ ሁሉ ተጠራቀመበት።

ዘንድሮ ለገና የአባቴ ታላቅ እኅት ከመሐል ሜዳ ይመጣሉ። እትዬ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዐይናቸውንም ለመታከም ስለሚፈልጉ በዓሉን ውለው የሚመለሱ ሳይሆኑ ወራት አብረውን የሚቆዩ ናቸው። ሳሎን ውስጥ መደብ ላይ ላስተኛቸው አልፈልግም። በወላጆቻቸው ቤት በሩ የሚዘጋ፣ የሚሞቅና ደረቅ የሆነ የራሳቸው ክፍል ሊኖራቸው ይገባል።

ዛሬ ዕቃውን በሙሉ አውጥተን ክፍሉን ለካሁት። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ25፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ከፍታው 2 ሜትር ከ60 ነው። ከአራቱ ግድግዳዎች ሁለቱ፣ ማለትም የምዕራቡና የሰሜኑ፣ ከውጭ ጋር የሚገናኙ ሲሆኑ በሽታውም ያለው እነሱ ላይ ነው። ቀለሙ ተላልጦ ወርዷል፤ ከሥር በኩል እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ወጥቷል፤ ጥጉ ላይ ጥቁር ሻጋታ አለ። ከምዕራቡ ግድግዳ መካከል ላይ ርጥበቱ የደረሰበትን ከፍታ በእርሳስ አሰመርኩና ከወለሉ ስለካው 64 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሥራው መስመር መያዙንና አለመያዙን የማውቀው በዚህች መስመር ስለሆነ ቀኑን ጎኗ ላይ ጻፍኩበት።

ጥቅምት 8

ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ስቆረቁረው ከግማሽ በላይ በሆነው ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ልስኑ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። መሮና መዶሻ ይዤ አንዱን ጠርዝ ስፈነቅለው እንደ ጠረጴዛ የሚሰፋ የሲሚንቶ ቅርፊት በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ወረደ፤ ከጀርባው ያለው ጭቃም በጣት ሲጫኑት የሚገባ እርጥብ ነበር።

ይህን ሲሚንቶ በ2004 ዓ.ም. ያስለሰንኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከሥር የምትታይ ጥቂት ርጥበት ነበረች፤ ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ይከላከልልኛል ብዬ ከወለል እስከ 1 ሜትር ከ70 ድረስ ሁለቱን ግድግዳዎች አስለበስኳቸው። ለሥራ የጠራኋቸው የሠፈራችን አዛውንት ግንበኛ ቅርፊቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ጭቃውን አልያዘውም፤ አፈነው እንጂ» አሉኝ። የሆነውም በትክክል እሱ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን ውሃ በገጹ ላይ እያተነነ ራሱን ያደርቃል። ሲሚንቶ ግን እርጥበትን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውሃው መውጫ ሲያጣ መውጫ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን እንደ እሱ አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተጎተቱ ይለያያሉ፤ ገጹ ደረቅ መስሎ ሳለ ውስጡ ይበሰብሳል። በዚህ ምክንያት ትንሿን ርጥበት ግድግዳ ሙሉ ያደረግኋት እኔ መሆኔን ዛሬ ያለ ጥርጥር አወቅሁ።

ሲሚንቶውን ማውረድ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ወደ 12 ካሬ ሜትር የሚሆን ገጽ ነበር። አንድ ቦታ ላይ የበሬ ቀንድ ጉቶ አገኘን፤ የአያቴ ልብስ መስቀያ ነበር። ለሳኙ «ያስቸግረኛል» ሲል በመጋዝ እንዲቆርጠው የፈቀድኩለት ትዝ አለኝ። ጉቶውን ሳልነቅል ዙሪያውን በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት።

ጥቅምት 15

ውስጡን ከመንካታችን በፊት የውሃውን ምንጭ ከውጭ መፈለግ ነበረብን። ግንበኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጥብቀው የያዙት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ከሥሩ እየጠጣ ያለን ግድግዳ ከላይ ማሳመር ልፋትን ማባከን ነው።

በምዕራብ በኩል ያለው የጓሮ መሬት ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከፍ ብሏል። አመድ፣ የግንባታ ትራፊ፣ ከጎረቤት ቁልቁል የሚታጠብ አፈር፣ የአበባ መደብ፣ ሁሉም ተደራርቦ የድንጋዩን መሠረት ውጦ ጭቃው ግድግዳ ላይ ተደግፏል። የጣራው ክፈፍ አሸንዳ ስለሌለው የክረምቱ ውሃ በቀጥታ ከግድግዳው ሥር ይወርድና ወደ ላይ ይረጫል። ሦስት ሠራተኞች በዶማና በአካፋ ለአራት ቀናት ሠርተው አፈሩን በ35 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረጉት። ከመሠረቱ አንድ ሜትር ወርድ ድረስ መሬቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አስተካከልነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ቆፍረን ጠጠር ሞላንበትና ወደ መንገዱ የውሃ መውረጃ አገናኘነው። ከቆርቆሮ የተሠራ አሸንዳም ተሰቀለ፤ ወደ መውረጃው ቱቦ ማዘንበሉን በባልዲ ውሃ እያፈሰስን ሞከርነው።

አፈሩ ሲነሣ ድንጋዩ ላይ እጅ የሚያስገቡ አራት ቀዳዳዎች ተገኙ። በመጀመሪያ የአይጥ መግቢያ መስለውኝ ነበር። ግንበኛው ግን ዙሪያቸው በጥንቃቄ የተጠረበ መሆኑን አሳዩኝ፤ ከጣውላው ወለል ሥር አየር እንዲገባ ተብሎ የተተዉ መተንፈሻዎች ናቸው። ሁለቱን አፈሩ ደፍኗቸዋል፤ ሁለቱ ደግሞ በሲሚንቶ ተመርገዋል። ሁሉንም ከፈትናቸውና አይጥ እንዳይገባ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት አደረግንባቸው።

ጥቅምት 20

ከቀዳዳዎቹ በኋላ ወለሉን ሳንከፍት መቀጠል አልቻልንም። ከመስኮቱ ሥር ሲረግጡት የሚዋዥቅ ቦታ እንደነበረ ቀድሞም አውቅ ነበር። አናጢው ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ቁጥር እየሰጠ አነሣቸው፤ ሚስማሮቹ ዝገው ስለነበር ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ብዙ ትዕግሥት ጠይቋል።

ከሥር ሰባት ተሸካሚ እንጨቶች አሉ። አምስቱ ከቤቱ ጋር የተሠሩ ጥዶች ሲሆኑ፣ ከ57 ዓመት በኋላ ዛሬም መጋዝ ሲገባባቸው ሽታቸው ክፍሉን ይሞላል፤ ከአምስቱ የአንዱ ጫፍ ብቻ ግድግዳው ውስጥ በገባበት ቦታ ለስልሷል። ሁለቱ በኋላ ዘመን የተተኩ ባሕር ዛፎች ግን በቢላ እንደ ዳቦ የሚቆረጡ ሆነዋል። ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ በመሆኑ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአገራችንን ቤት ተሸክሟል፤ ሆኖም አየር በሌለበት እርጥብ ቦታ ላይ ጥድን ሊተካ አይችልም። አዲስ ጥድ ከተፈጥሮ ደን ቆርጦ መሸጥ የተከለከለ ስለሆነና ክልከላውም ትክክል ስለሆነ፣ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጡ ሁለት የጥድ ቋሚዎችን ከእንጨት ሻጭ ገዛሁ። አናጢው ጠርቦ በልኩ አስገባቸው። ጫፎቻቸው ከድንጋዩ ጋር በቀጥታ እንዳይነካኩ ከሥራቸው የጎማ ቁራጭ አደረገ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ለአጥር ቋሚ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሰው ለሚተኛበት ክፍል ግን ሽታው ለወራት የማይለቅ በመሆኑ አልተቀበልኩትም፤ እንጨቱን የሚጠብቀው የተከፈተው አየር ነው።

ጥቅምት 24

ጭቃ ማቡካት ተጀመረ። አፈሩን ከቤቱ ጓሮ ካወጣነው ውስጥ አልወሰድንም፤ አመድና ሥር ይበዛዋል። ከከተማው ዳር ሁለት ጋሪ ቀይ አፈር አስመጣንና በወንፊት ነፋነው። ግንበኛው ጥቂቱን በእጃቸው አርሰው እንደ ሲጋራ አንከባለሉትና በጣታቸው መካከል አንጠለጠሉት፤ ሳይበጠስ ጣት ያህል ከረዘመ ለመያዝ በቂ ሸክላ አለው ማለት ነው፤ ከመጠን በላይ ከረዘመ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አሸዋ ይፈልጋል። የእኛው አሸዋ ፈለገ። ሦስት አካፋ አፈር ለአንድ አካፋ አሸዋ አደረግንለት።

ከዚያ የጤፍ ጭድ እየበተንን ረገጥነው። በየሁለት ቀኑ እንደገና ውሃና ጭድ እየጨመርን እየረገጥን ለአሥር ቀናት እንዲሰነብት ተስማማን። ጭቃው ሲሰነብት ጭዱ ይለሰልሳል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ሲይዙትም ይያያዛል። ጥድፊያ የማይሆንበት ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ ተቦክቶ ነገ የተመረገ ጭቃ ከማገሩ ላይ ተንሸራቶ እንደሚወርድ ግንበኛው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይተዋል።

ጥቅምት 29

ጭቃው እየሰነበተ ባለበት ጊዜ የተገፈፈው ግድግዳ አየር አግኝቷል። መስኮቱን ቀን ቀን ከፍተን እናውለዋለን። የእርሳሷ መስመር ከሲሚንቶው ጋር ብትወርድም በዚያው ቦታ እንደገና ስለካ ርጥበቱን ዝቅ ብሎ 46 ሴንቲ ሜትር ላይ አገኘሁት። በ24 ቀናት ውስጥ 18 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ይህን ስለካ ያደረብኝን ደስታ መደበቅ አልችልም፤ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ኅዳር 5

የመጀመሪያው ምርጊት ገባ። ከዚያ በፊት የላላውን ጭቃ ሁሉ እስከ ማገሩ ድረስ አራግፈን፣ የተሰበሩ ሦስት ማገሮችን ተክተን፣ ገጹን በውሃ አረስነው። ደረቅ ግድግዳ ላይ የተመረገ ጭቃ ውሃውን በአንድ ጊዜ ስለሚነጠቅ አይጣበቅም። ግንበኛው ጭቃውን በእጃቸው እየጠፈጠፉ በኃይል ይወረውሩታል፤ በማገሩ መካከል ገብቶ ከጀርባው እንዲይዝ ነው። እኔ ማቀበሉን ብቻ እችላለሁ ብዬ ጀምሬ ወደ ማታው ግን የታችኛውን ረድፍ ራሴ መረግሁ። ቱንቢ ጥለን ስናየው የሰሜኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በ3 ሴንቲ ሜትር ያዘነበለ ነው። ቀጥ እናድርገው ብንል ታች ብዙ ጭቃ መጫን ይኖርብናል፤ ከባዱ ጭቃ ደግሞ ይወድቃል። ዝንባሌውን እንዳለ ተውነው።

ቀንዱም በዚሁ ቀን ተተከለ። ከሥጋ ቤት ያገኘሁትን ቀንድ ውስጡ ያለው አጥንት እስኪላቀቅ ደጅ ላይ በትልቅ ድስት ቀቅዬ፣ አጥቤ፣ በፀሐይ አድርቄው ነበር። ሰፊውን ጫፍ በእንጨት ሽብልቅ ሞልተን ከአሮጌው ጉቶ አጠገብ ካለው ቋሚ ጋር አሰርነውና ጭቃው ዙሪያውን ያዘው።

ኅዳር 12

የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ስለሆነ ሥራ የለም። ነገር ግን ቀኑ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ ወዲህ ቆሻሻ በየደጁ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት ቀን ነው። ዘንድሮ ልክ 100 ዓመቱ ነው። ከክፍሉ የወጣውን የበሰበሰ እንጨትና የሻገተ ከረጢት በደጃፋችን አቃጠልነው። ቀለም ያለበትን እንጨትና ላስቲኩን ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ለይቼ አስቀርቼዋለሁ።

ኅዳር 19

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው መስመር በጨርቅ የተሸፈነ ጥንድ ሽቦ ሲሆን በእጅ ሲነካ ሽፋኑ ይረግፋል። ሁሉም ተነቅሎ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ተዘረጋ፤ ክፍሉ የራሱ ብሬከርና የምድር ሽቦ አገኘ። ማብሪያ ማጥፊያው አንዱ በበሩ አጠገብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ተኝተው እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው። እትዬ ሌሊት በጨለማ ተነሥተው በር ድረስ መዳሰስ የለባቸውም።

ኅዳር 26

የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ደርቆ ብዙ ስንጥቅ አውጥቷል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ እንዲያውም ግንበኛው ሁለተኛው ልስን የሚይዝበት ጥርስ እሱ ነው ይላሉ። ሁለተኛው ጭቃ አሸዋው በዝቶ፣ ጭዱ በእጅ ተፈትጎ የደቀቀ ሲሆን ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የላዩን ማለስለሻ በተመለከተ የእናቶቻችን ልማድ እበት ጨምሮ መለቅለቅ ነው፤ እኛም አፈርና እበት እኩል አድርገን ለቀለቅነው። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል፤ ገጹም በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ አቧራም አያራግፍም።

አሁን ችግራችን ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። እርጥብ ልስን ውርጭ ካገኘው ውስጡ ያለው ውሃ ይረጋና ገጹን ያረግፈዋል። ስለዚህ መስኮቱን በፀሐይ ከፍተን ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት እንዘጋዋለን፤ በሩ ላይም ብርድ ልብስ ሰቅለናል።

ታኅሣሥ 3

ኮርኒሱን አወረድነው። አቡጀዲድ ነበር፤ አያቴ በእጃቸው ጋጥመው የሰፉት፣ በየዓመቱ ኖራ እየተቀባ እንደ ቆዳ የደረቀ። በላዩ የተጠራቀመው አቧራና የአይጥ ኩስ ሲወርድ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን እንኳ ሳልን። ከላይ ቆርቆሮው ጤነኛ ነው፤ ዘጠኝ የሚስማር ቀዳዳዎች ብቻ ያፈስሱ ስለነበር ሚስማሩ ባለ ጎማ በሆነ ተለወጠ። አዲሱ ኮርኒስ ቺፕውድ ሲሆን በሞራሌ ላይ ተመቷል።

ስለ ሙቀት ብዙ አስቤበታለሁ። በእኛ ከተማ የብርዱ መድኃኒት ተደርጎ የሚወሰደው ከሰል ነው፤ ማታ ማታ ምድጃው ከነፍሙ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። በዚህ ክፍል ውስጥ ግን ከሰል አይገባም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን እንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል፤ በር በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እንግዳን ለማሞቅ ብሎ እንዲህ ያለ አደጋ አጠገቡ ማስቀመጥ የለብንም። ስለዚህ ሥራው ሙቀቱ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ዙሪያውን በጭቃ ደፈንነው፤ ንፋስ በአብዛኛው ይገባ የነበረው በዚያ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው የጣራ ሆድ ግን በክፈፉ በኩል በሽቦ ወንፊት ተሸፍኖ አየር እንዲያገኝ ተውነው። በኮርኒሱ ላይ ጭድ እንንጠፍ የሚል ሐሳብ ነበር፤ እሳትንና አይጥን በማሰብ ቀረ። ወለሉ ላይ የሚነጠፍና አልጋው ጎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሁለት የመንዝ ባና አስመጥቻለሁ። ከበግ ፀጉር የተሠራው ይህ ወፍራም ልብስ ቅዝቃዜን በመመለስ ረገድ ከብዙ ምንጣፍ ይበልጣል፤ ለአልጋው ደግሞ ከተማችን የምትታወቅበት የሱፍ ብርድ ልብስ አለ።

ታኅሣሥ 12

የኖራ ቅብ። ኖራውን በበርሜል ውሃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በፊት ዘፍዝፌው ነበር። ከላይ ያለውን ውሃ ቀድቼ፣ ከሥር የቀረውን እንደ እርጎ የረጋ ኖራ በጨርቅ አጥልዬ፣ ወተት እስኪመስል በውሃ አቀጠንኩት፤ እንዳይለቅ ጥቂት ጨውም ጨመርኩበት። ኖራ ቆዳንና ዐይንን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት ሳላደርግ አልነካሁትም፤ ንጹሕ ውሃ በባልዲ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር።

የፕላስቲክ ቀለም ቢቀባ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ነገር ግን ግድግዳው እንዲተነፍስ ብለን ሁለት ወር ከለፋን በኋላ ገጹን በፕላስቲክ መሸፈን የሲሚንቶውን ስሕተት በሌላ ስም መድገም ነው። ኖራ እርጥበትን ያሳልፋል፤ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ ብሎ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ሻጋታንም አያበቅልም። የመጀመሪያው ቅብ ሲቀባ ምንም ያልተቀባ ይመስላል፤ እርጥብ ኖራ ግልጽ ነውና። እጄን አክብጄ ለማንጣት የሞከርኩበት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ በማግሥቱ ተፈረፈረ፤ ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን እያረስኩ በአምስት ቀን አምስት ስስ ቅብ ቀባሁ። በአራተኛው ላይ ነጣ።

ታኅሣሥ 24

የቀሩት የአናጢ ሥራዎች ተጠናቀቁ። የበሩ ደፍ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው በየቀኑ የሚያሰናክል እንቅፋት ነው። ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደረገ፤ ንፋስ እንዳይገባበት በበሩ ሥር የጎማ ጥብጣብ ተመታ። አልጋው ከነፍራሹ 50 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን እግሮቹ ተቆረጡ፤ ሲቀመጡ እግር መሬት ይረግጣል፣ ሲነሡም ጉልበት አይፈተንም። ከክፍሉ እስከ ሽንት ቤት ባለው 9 ሜትር መንገድ ላይ በግድግዳው በኩል የእጅ መደገፊያ ቧንቧ ተተከለ፤ መብራትም ተደረገ። ክፍሉን የማይመለከት ሥራ ነው ሊባል ይችል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሽማግሌ እንግዳ ክፍል የሚያበቃው በሩ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው።

ጭቃው ከደረቀ በኋላ ርጥበቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ተለካ። አዲሱ ምርጊት ራሱ ውሃ ስለነበረው በኅዳር ውስጥ የሚወሰድ ልኬት ትርጉም አልነበረውም። ዛሬ ኖራው ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ቦታ ከወለሉ 27 ሴንቲ ሜትር ነው።

ታኅሣሥ 26

እትዬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገቡ። በደፉ ላይ ሲያልፉ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን ከፍ አድርገው ነበር፤ ደፉ እንደሌለ ሲያዩ ቆም አሉና ወደ ታች ተመለከቱ። ከዚያ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ጭቃ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ እትዬ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አውልቀው፣ ማንም ሳያሳያቸው፣ ወደ ቀንዱ ሄደው ሰቀሉት። ቦታውን ከብዙ ዓመት በኋላም እጃቸው አልረሳውም፤ ቀንዱ ሌላ መሆኑንም ወዲያው ለይተው «የድሮው ወደ መስኮቱ የዞረ ነበር» አሉ።

ከእራት በኋላ ከሰል እንዲገባላቸው ጠየቁ። ለምን እንደማይሆን ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። መንዝ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እንዲሁ ሌሊት አልቆ መገኘቱን የሚያውቁ መሆናቸውን፣ ጠዋት ግን የሰይጣን ሥራ ተብሎ መቀበሩን ነገሩኝ። በፍም ፋንታ ትኩስ ውሃ የሞላ የጎማ መያዣ በጨርቅ ጠቅልለን ከእግራቸው ሥር አደረግንላቸው።

ጥር 6

እትዬ አሥር ሌሊት አድረዋል። ብርድ እንዳልተሰማቸው፣ ነገር ግን የመስኮቱ የታችኛው ጥግ ጎሕ ሲቀድ ንፋስ እንደሚያስገባ ነግረውኛል፤ አናጢው ለነገ ተቀጥሯል። በሰሜኑ ጥግ ኖራው ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ እንደገና ጨው አውጥታለች። ከአሮጌው ጭቃ የሚወጣ ጨው ስለሆነ በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁት፤ በውሃ ቢታጠብ ተመልሶ ይገባል። ወለሉን ከፍቼ ያየሁበት አንድ ጣውላ ሳይመታ በብሎን ብቻ እንዲያዝ አድርጌያለሁ፤ በክረምቱ ማብቂያ ተሸካሚዎቹን በእጄ ዳስሼ ማየት እፈልጋለሁ። የአሸንዳውና የቦዩ ፈተናም ሐምሌ ነው።

የምዕራቡ ግድግዳ መስመር ዛሬ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀኑን አጠገቡ ጻፍኩ፤ እርሳሱንም እትዬ ከመስኮቱ ደረት ላይ አስቀመጡት፤ የሚቀጥለውን ራሳቸው ሊለኩት ነው።